የአባ ቀስ ልሳን

ለጠርሙስ ፋብሪካው ማሽኑም፣ እቶኑም፣ የብረት ቅርጾቹም በመርከብ ተጭነው መጡ። ከዕቃው ኋላ አንድ የውጭ አገር ሽማግሌ መጡ። ዕቃውን የሸጠው ድርጅት የላካቸው ሠራተኛውን አሠልጥነው፣ ሥራውን አስረክበው እንዲመለሱ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ብርጭቆ ሲያቀልጡ የኖሩ፣ ፊታቸው በወላፈን ብዛት እንደ ሸክላ የቀላ፣ ረጅምና ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። ከአገራቸው ቋንቋ በቀር ሌላ አያውቁም። ስለዚህ ልሳን ተቀጠረች።

ልሳን ያሏት የእቶን ሠራተኞቹ ናቸው። ያን ቋንቋ ትምህርት ቤት ተምራ፣ ከዚያም አንድ አስመጪ ቢሮ ውስጥ ስትተረጉም የቆየች፣ ከእናቷ ጋር የምትኖር ዝምተኛ ሴት ነበረች። ስለ ብርጭቆ የምታውቀው ከወደቀ እንደሚሰበር ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሽማግሌው "ሶዳው አንሷል" ሲሉ፣ እሷም ሳትጨምር ሳትቀንስ "ሶዳው አንሷል" አለች። ከሠራተኞቹ አንዱ ሮጦ ወደ ክበብ ሄደና አንድ ጠርሙስ ቀዝቃዛ ለስላሳ ይዞ መጣ። ሽማግሌው ግራ እየገባቸው ተቀብለው ጠጡ። ከዚያ በእጃቸው ነጩን ዱቄት ዘግነው አሳዩ፤ አሸዋውን ቶሎ እንዲቀልጥ የሚያደርገው እሱ ኖሯል። ሳቁ ለሳምንት አልበረደም።

ሽማግሌው ከእኛ ቋንቋ የያዙት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ "ቀስ"። አካፋ የሚያጣድፈውን "ቀስ" ይሉታል፣ ሹፌሩን "ቀስ" ይሉታል፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣውን መሐንዲስ በንግግሩ መሃል እጃቸውን አንስተው "ቀስ" ይሉታል። ሠራተኛው አባ ቀስ አላቸው። ትርጉሙ ሲነገራቸው በጣም ደስ አላቸው፤ ለቤታቸው ስልክ ሲደውሉ ራሳቸውን በዚያ ስም መጥራት ጀመሩ።

ልሳን መጀመሪያ ላይ "እሳቸው የሚሉት እንዲህ ነው" እያለች ነበር የምትጀምረው። እሳት ግን ጊዜ አይሰጥም። "እሳቸው የሚሉት" ብላ ሳትጨርስ፣ ቀልጦ የወረደው ብርጭቆ ቅርጹን ስቶ መሬት ላይ ተዘርግቶ ታገኘዋለች። ስለዚህ መቅድሙን ተወችና በእሳቸው አፍ መናገር ጀመረች። "እኔ ብሆን ነበልባሉን አልነካም።" "ቆይ፣ እኔ ልየው።" "ጉልበቴን ስላመመኝ ወንበር አምጡልኝ።" ሠራተኞቹም ሳያውቁት ለመዱት። ፎርማኑ፣ አባቷ ሊሆን የሚችል ሰው፣ ለራሷ ሲያወራ "አንቺ፣ ዛሬ ደግሞ ፊትሽ ምን ሆኗል?" ይላታል። ወዲያው ለሽማግሌው፣ ዓይኑን ከእሷ ላይ ሳያነሳ፣ "እርስዎ እንዳሉት አሸዋውን አድርቀነዋል" ይላል። እሷ ጋ አንቺም እርስዎም አንድ ላይ ይኖሩ ነበር።

ሥራው እንደዚህ ነው። ከእቶኑ አፍ እንደ ማር የሚዘረጋው ብርጭቆ በመቀስ እየተቆረጠ ወደ ብረቱ ቅርጽ ይወድቃል። ለዚያ ቁራጭ ሽማግሌው የሚሉትን ቃል ልሳን "ጠብታ" ብላ ተርጉማው ነበር።

"የምን ጠብታ ነው?" አለ ፎርማኑ። "ቅርጹ አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ አታዪውም? ጉርሻ ነው።"

ጉርሻ ሆኖ ቀረ። ሽማግሌው የልሳንን ማብራሪያ ሲሰሙ አንገታቸውን እየነቀነቁ "እንግዲህ ይሄ ማሽን የእናንተ መሆን ጀምሯል" አሉ። ይህንንም ልሳን "እናንተ" እያለች ለራሷ ሰዎች ተረጎመችው፤ እንደ እንግዳ።

የመጨረሻው ትምህርት የዋሻው ነበር። ዋሻ የሚሉት ጠርሙሱ ከቅርጹ ወጥቶ በሰንሰለት ላይ እየሄደ ቀስ በቀስ የሚቀዘቅዝበትን ረጅም ምድጃ ነው። ሽማግሌው አንድ ጠርሙስ አንስተው፣ "ይሄ ውጭው ቶሎ ቀዝቅዞ ውስጡ ትኩስ ከሆነ፣ ለዓይን ደህና ይመስላል፤ ግን ውስጡ አንድ ነገር ይዞ ይቀራል" አሉ። የተጠቀሙበትን የሙያ ቃል ልሳን አታውቀውም ነበር። ደጋግማ ጠየቀቻቸው። አስረዷት። ከዚያ ወደ ሠራተኞቹ ዞራ፣ "ጠርሙሱ ቂም ይይዛል" አለች። "ዛሬ ዝም ይላል፤ ሌላ ቀን ማንም ሳይነካው ይፈነዳል።"

"ቂሙን እንዴት እናስተወዋለን?" አለች ዓይናማ፤ ጠርሙሶቹን በብርሃን ፊት እያሳለፈች ጉድለት የምትለቅም፣ በዕድሜ የገፋች ሴት ናት።

"ነገ አሳይሻለሁ" አለች ልሳን በሽማግሌው አፍ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አባ ቀስ ከዋሻው አጠገብ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ላብ አጠመቃቸው። በፋብሪካው መኪና ወደ ክሊኒክ ወሰዷቸው። ልሳን አብራ ገባች። ሐኪሙ ምን እንደተሰማቸው ጠየቀ፤ እሷ ተረጎመች፤ እሳቸው መለሱ፤ እሷም እንደ ልማዷ፣ "ደረቴን ጨመቀኝ፤ ግራ እጄ ደንዝዟል" አለች።

ነርሷ የልሳንን ክንድ ይዛ ወደ ሌላው አልጋ ሳበቻት። "ነይ፣ አንቺም ጋደም በይ።"

"እኔ አይደለሁም" አለች ልሳን። "እሳቸው ናቸው።"

ሽማግሌው በዚያ ሁሉ መሃል ይህን አይተው ፈገግ አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አድርገው አንድ ቃል ተናገሩ። ልሳን ወደ ሐኪሙ ዞረችና፣ "ደከመኝ" አለች። ስትመለስ ሐኪሙ አንገታቸው ላይ ጣቶቹን አሳርፎ ነበር። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ባለቤቱ በሕይወት እንዳልነበሩ ያን ጊዜ ገባት።

ድርጅቱ ሌላ ባለሙያ እንደሚልክ፣ ነገር ግን ወራት እንደሚፈጅ አስታወቀ። እቶን ደግሞ አይጠፋም። ከጠፋ ውስጡ ያለው ብርጭቆ እንደ ድንጋይ ይረጋል፣ ጡቡም ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ፋብሪካ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ሥራው ቀጠለ። በቀብሩ ማግስት ፎርማኑ እቶኑ ፊት ቆሞ ነበልባሉን ለዓይን መከላከያ በሚያዘው ሰማያዊ መስታወት እያየ፣ ልሳን ስትመጣ ዘወር ብሎ፣ "ቀለሙ ትንሽ ገርጥቷል፤ ምን ይላሉ?" አላት።

ልታርመው ፈለገች። ግን አፏን ስትከፍት፣ "እኔ ብሆን አየሩን ትንሽ እቀንሳለሁ" የሚል ወጣ። ሽማግሌው ይህን በሕይወት ሳሉ ብዙ ጊዜ ብለውት ነበር፤ እሷም አልፈጠረችም። ፎርማኑ አየሩን ቀነሰ፤ ነበልባሉ ተስተካከለ። ያን ቀን እንደዚያ ዋለች። በሚቀጥለውም። ስለ አሸዋው ይጠይቋታል፣ ስለ መቀሱ ይጠይቋታል፣ መልሱ ሁሉ አፏ ውስጥ ተቀምጦ ያገኙታል። ሁሉም "እርስዎ" ይሏታል። "አንቺ" የሚላት ሰው ከፋብሪካው ጠፋ።

ቤት ስትገባም አነጋገሩ አልተዋትም። አንድ ማለዳ ከአልጋዋ ስትነሳ፣ "ወይ ጉልበቴ" አለች።

"ደግሞ ጉልበትሽን ምን አገኘው?" አለች እናቷ።

"ደረጃው ነው። በዚህ ዕድሜዬ ደረጃ አልችልም።"

እናቷ የያዘችውን ልብስ አስቀምጣ አየቻት። "በየትኛው ዕድሜሽ?"

ልሳን እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ጉልበቷ ምንም አልሆነም። እናቷ ግን ከዚያ ወዲያ ጆሮዋን ጥላ ማዳመጥ ጀመረች፤ ልጇ በር ስትከፍት፣ ውሃ ስትቀዳ፣ በሆዷ የምታጉተመትመውን። አንድ ቀን ጎረቤት ላለችው እህቷ "ቤቴ ውስጥ ሌላ ሰው አለ" ስትል ልሳን በመስኮት ሰማቻት። ቃሉ በቁጣ የተነገረ አልነበረም። የፈራ ሰው ድምፅ ነበር።

ከዚያ መጋዘኑ ጀመረ።

መጀመሪያ የሰሙት ጫኞቹ ናቸው። ተደርድሮ ከተቀመጠው ጠርሙስ መሃል፣ ማንም ሳይጠጋ፣ ጧ የሚል ድምፅ። ሄደው ሲያዩ አንዱ ለሁለት ተሰንጥቆ ተኝቷል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከሌላ ጥግ እንደገና ጧ። ጫኞቹ በግልጽ አልተናገሩም፤ ግን መጋዘን የሚገቡት ሁለት ሁለት እየሆኑ ሆነ፣ ሲገቡም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አንዱ ደፍሮ፣ "ሽማግሌው ሥራችን አልጣማቸውም" አለ። ማንም አልሳቀም።

ልሳን በጠራራ ፀሐይ ብቻዋን ገባች። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን አረንጓዴ ሆኖ ግድግዳው ላይ አርፏል። በጠርሙሶቹ መሃል ባለው ቀጭን መተላለፊያ ቆመች። ዝምታ። ከዚያ ከጀርባዋ ጧ አለ። አልዞረችም። ዓይናማ "ቂሙን እንዴት እናስተወዋለን?" ያለችው፣ እሷም "ነገ" ያለችው ትዝ አላት። ያ ነገ አልመጣም። ሽማግሌው የዋሻውን መፍትሔ ለማንም ሳይነግሩ ነው የሄዱት፤ በእሷ ጆሮም የቀረ የለም።

እንዲያም ሆኖ ከሰዓት በኋላ ፎርማኑና መሐንዲሱ ሠራተኛውን ዋሻው አጠገብ ሰብስበው፣ "እንግዲህ ምን እናድርግ ይላሉ?" ሲሏት፣ አፏ ተከፈተ።

"እኔ ብሆን ሙቀቱን ከፍ አደርጋለሁ። ሰንሰለቱን ደግሞ ቀስ።"

የእሳቸው ድምፅ ነበር፤ ቃሉን የሚጎትቱበት መንገድ፣ መጨረሻ ላይ የምትመጣው ትንሽ ትንፋሽ ሁሉ። ሁሉም ተንቀሳቀሰ። ሙቀቱ ከፍ አለ፤ ሰንሰለቱ ዘገየ። ጠርሙሶቹ መጨማደድ ጀመሩ፤ አንዳንዱ እንደ ሰካራም ጎኑን ጥሎ ወጣ። የመጋዘኑም ጧ ጧ አልቆመም።

ልሳን በዚያ ቀን ማሽኑ ጎን ቆማ የተጣመሙትን ጠርሙሶች ታይ ነበር። ያስደነገጣት መሳሳቱ አልነበረም። ያን ዓረፍተ ነገር ሽማግሌው ተናግረውት አያውቁም። ታዲያ የተናገረው ማን ነው? ከዚህ ቀን በፊት እንደ ዕቃ ተሸክማቸው እንደምትዞር ነበር የሚሰማት፤ አሁን ግን እሳቸውም እሷም ያልሆነ ሌላ ነገር በአፏ እየገባ እየወጣ መሰላት።

መሐንዲሱ ብቻውን ሲሆን ጠብቃ ሄደች።

"ዛሬ የተናገርኩት የእሳቸው አይደለም" አለችው። "የራሴም አይደለም። እኔ ስለ ዋሻው የማውቀው ነገር የለም። ከእንግዲህ አትጠይቁኝ።"

መሐንዲሱ የብረት ኮፍያውን አውልቆ ጸጉሩን አሻሸ። "ልንገርሽ? እኔም ሙቀቱ ከፍ ሲል ልክ አልመሰለኝም ነበር። እሳቸው ካሉ ብዬ ዝም አልኩ።"

"እሳቸው እኮ ሞተዋል።"

"አውቃለሁ" አለ። "እኔም ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። ግን አንቺ ስትናገሪ ይጠፋብኛል።"

ከዚያ ልሳን አባ ቀስ በእርግጥ ያደርጉት የነበረውን አንድ ነገር አስታወሰች። መልስ አስቀድመው ሰጥተው አያውቁም። ሁልጊዜ "ምን አያችሁ?" ብለው ነው የሚጀምሩት፤ እሷም ይህን ጥያቄ እስኪሰለቻት ተርጉማዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ዓይናማን፣ ፎርማኑንና መሐንዲሱን ዋሻው ጫፍ ላይ አገናኘቻቸው። "እኔ ዛሬ የማንም አፍ አይደለሁም" አለች። "ልጠይቃችሁ ብቻ ነው። እትዬ፣ አንቺ ምን አየሽ?"

ዓይናማ ፎርማኑን ገልመጥ አድርጋ አየችና፣ "የሚፈነዳው ሁሉ ከአንድ ወገን የሚመጣ ነው" አለች። "በዚህ በበሩ በኩል ካለው ረድፍ። ከግድግዳው ወገን የፈነዳ አላየሁም።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?" አለ ፎርማኑ።

"ማን ጠየቀኝ? ሁላችሁም እሷን ነበር የምትጠይቁት።"

ፎርማኑ በሩን አየ። ጫኞቹ የሚወጡበት ትልቅ የቆርቆሮ በር ነው፤ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከግቢው የሚገባው ነፋስ የመሬቱን አቧራ ያንከባልላል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሽማግሌው እዚህ ጋ ነበር የሚቀመጡት" አለ። "ሁልጊዜ በሩን ዝጉልኝ ይሉ ነበር።"

ልሳን ታውቀዋለች። በአፏ ያለፈ ነገር ነው፤ "ንፋስ ይመታኛል፤ በሩን ዝጉልኝ"። ሠራተኛው "ሽማግሌ ብርድ ይፈራል" እያለ ይዘጋላቸው ነበር። ከሞቱ ወዲህ ሙቀቱ የመረራቸው ጫኞች በሩን ከፍተውት ይውላሉ።

"ለጠርሙሱ ብለው ነው ወይስ ለራሳቸው?" አለች ዓይናማ።

ይህን የሚያውቅ የለም። መሐንዲሱ የሙቀት መለኪያውን አምጥቶ የዋሻውን ሁለት ጎን ለካ፤ በበሩ ወገን ያለው እጅግ ዝቅ ብሏል። ለምን እንደሆነ ወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳቸው፤ ቃሉ ሲከብድ ልሳን መሃል ገብታ ታቀልለዋለች፤ ፎርማኑ የሚለውን ደግሞ ለመሐንዲሱ በትምህርት ቤት ቋንቋ ትመልስለታለች። ሁሉም አንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ነበሩ፤ እንዲያም ሆኖ አስተርጓሚ ያስፈልጋቸው ነበር። በሩን ከመዝጋት አልፈው ወፍራም ሸራ ጋረዱበት፤ ዋሻው ጫፍ ላይም ጡብ ደረደሩ። አባ ቀስ ጡብ አላዘዙም፤ ጡቡ የፎርማኑ ሐሳብ ነው።

አዲሱ ጠርሙስ ደህና ሆነ። አሮጌው ግን ለብዙ ጊዜ መፈንዳቱን አላቆመም፤ የያዘውን እስኪያወጣ ድረስ። ሰዎቹ አሁን ምክንያቱን ያውቃሉ፤ ይሁንና ጧ ባለ ቁጥር ለአፍታ ሥራቸውን ያቆማሉ።

ሌላው ባለሙያ መጣ፤ ቸኩሎ የሚናገር ጎልማሳ። ዋሻውን አየ፣ ጡቡን ነካ ነካ አደረገ፣ የሚያስተምረው ብዙ እንደሌለ ተናግሮ ከታሰበው ቀድሞ ተመለሰ። ልሳን እሱን ስትተረጉም "እሱ የሚለው" እያለች ነበር። በእሱ አፍ መናገር አልቻለችም፤ ቦታው የተያዘ ይመስል።

ከዚያ በኋላ የአባ ቀስ ልጅ መጣች። ወደ መካከለኛ ዕድሜ የተጠጋች፣ እንደ አባቷ ጎበጥ የምትል ሴት ናት። መቃብሩን ካየች በኋላ አባቷ የሠራበትን ቦታ ማየት ፈለገች። ፎርማኑ ንጹሕ ልብስ ለብሶ እቶኑ ፊት ተቀበላት።

"ንገሪያት" አለ ለልሳን። "አባትሽ ተቆጥተው አያውቁም በያት። እኛ ስናበላሽ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ይቀመጡና እስክናየው ይጠብቁ ነበር በያት።"

ልሳን ተረጎመች። ሴትየዋ ፎርማኑን ስታይ ቆይታ ድንገት ፊቷን ወደ ልሳን መለሰች። ደሟ ከፊቷ ወርዷል።

"ይህን ቋንቋ የት ተማርሽው?"

"ትምህርት ቤት።"

"አይደለም" አለች ሴትየዋ። "እንደዚህ በትምህርት ቤት አይናገሩም። ይሄ የአያቴ መንደር አነጋገር ነው። መንደሩ ባዶ ከሆነ ቆየ። እንደዚህ የሚናገር የቀረው አባቴ ብቻ ነበር።"

ልሳን የእሳቸው አነጋገር በአገሯ ቋንቋ አፏ ውስጥ መግባቱን ታውቅ ነበር፤ በራሳቸው ቋንቋም እንደገባ ግን እስከዚያች ደቂቃ አልጠረጠረችም።

"ምን አለችሽ?" አለ ፎርማኑ።

አልተረጎመችለትም።

"እባክሽ ተናገሪ" አለች ሴትየዋ። "ምንም ይሁን፤ ዝም ብለሽ ተናገሪ።"

ልሳን ሌላ ምን ልትል ትችላለች? ከአሸዋው ጀመረች። አሸዋው ለምን እንደሚደርቅ፣ ነጩ ዱቄት ምን እንደሚሠራ፣ ነበልባሉ ሲገረጣ ምን ማለት እንደሆነ እየተናገረች በመስመሩ ጎን ቀስ እያለች ሄደች። የአባ ቀስ ልጅ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ ጆሮዋን ወደ እሷ አዘንብላ ተከተለቻት፤ አንዴም ማሽኑን ቀና ብላ አላየችም። ፎርማኑም ከኋላቸው ኮፍያውን በእጁ ይዞ ተከተለ። ቃሉ አይገባውም፤ ድምፁን ግን ያውቀዋል።

መኪናዋ ጋ ሲደርሱ ሴትየዋ ለጥቂት ጊዜ የልሳንን እጅ ይዛ ቆየች። "ስልክ ስንደዋወል አጠገቡ ትሆኚ ነበር" አለች። "በምን እንደሚጠራኝ ሰምተሻል።"

"ሰምቻለሁ።"

"አንድ ጊዜ ጥሪኝ።"

ልሳን እናቷን አሰበች፤ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብላ የምታዳምጠዋን። ይህን ካደረገች እሳቸው ይሄዱ ይሆን ወይስ ለዘለዓለም ይቀመጡ፣ አላወቀችም። ያም ሆኖ ጠራቻት። ድምፁ ሲወጣ ሴትየዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ከዚያ አንገቷን ነቅንቃ መኪናው ውስጥ ገባች። በመስኮቱ ዞራ አላየችም።

ልሳን ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ፎርማኑ ከቧንቧው በጣሳ ውሃ ቀድቶ አመጣላት፤ እስክትጠጣ ቆሞ አልጠበቀም፣ አጠገቧ ተቀመጠ። ከውስጥ የመቀሱ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ይሰማል።

"ደህና ነሽ?" አላት።

"ማንን ነው የምትጠይቀው፣ ጋሼ?"

ፎርማኑ አሰበበት። ጣሳውን ከእጇ ተቀብሎ የተረፈውን መሬት ላይ ደፋው። "ሁለታችሁንም" አለ።